ስምንት ስም ያለበት መቅዘፊያ

ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ባለች ትንሽ ኮሌጅ፣ ጂም ውስጥ፣ አሥራ አራት ዓመት ማሊያ አጥቤያለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሳን ሊያንድሮ ያለው አፓርትመንቴ ጭር ያለ ነው፤ የጂሙ ላውንድሪ ግን ቢያንስ ማሽኖቹ ይጮኻሉ።

የኮሌጁ ስፖርት ክፍል ሊዘጋ መሆኑን የሰማነው በኢሜይል ነው። ቡድኖቹ ከተበተኑ በኋላ አለቃዬ መጣና፣

«ኮሪደሩን ክሊር አድርጊልኝ። ዋንጫዎቹን ካርቶን ውስጥ ክተቻቸው፤ የማይገባውን ጣዪው» አለኝ።

ያልገባው ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጀልባ መቅዘፊያ ነበር። ከእኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል። ድሮ የዓመቱን የመጨረሻ ውድድር ያሸነፉ የስምንት ሴት ቀዛፊዎች ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፎበታል። አዲስ ቀዛፊዎች ከመጀመሪያ ልምምዳቸው በፊት እሱ ሥር ቆመው ስሞቹን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር፤ የኮሌጁ ልማድ ነው። ፎጣ እያጣጠፍኩ በየዓመቱ ስሰማ ስምንቱንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

መጣሉ አላስቻለኝም። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ከስምንቱ በሕይወት ያሉት አንዲት አሮጊት ብቻ እንደሆኑ ነገሩኝ። ካምቤል ከተማ ነው የሚኖሩት። ደውለው አገናኙኝ።

«ከጂሙ ነው የምደውለው። መቅዘፊያችሁ ሊጣል ነው» አልኳቸው።

«መኪና መንዳት ካቆምኩ ቆየሁ» አሉኝ።

«እኔ አመጣልዎታለሁ።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያሰብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሚኒቫን ተዋስኩና መቅዘፊያውን ጣሪያው ላይ አስሬ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አንጠልጥዬ፣ በቀኙ መስመር ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ሴትየዋ መራመጃ ዎከራቸውን ተደግፈው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ስሞቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ ከፊቴ ነበር የምትቀመጠው። አራት ዓመት ጀርባዋን ሳይ ኖርኩ። ፊቷን ግን አሁን ማስታወስ አቃተኝ።»

መቅዘፊያውን ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን አስጠግቼ አጋደምኩት። ሁለት ወንበር አንዱን ከአንዱ ኋላ አስደረደሩኝና እኔን ከፊት አስቀምጠው እሳቸው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«ወደ ኋላ አትዙሪ። ድምፄን ብቻ ስሚ። ሳቢ! ልቀቂ! ሳቢ!»

በባዶ እጃችን አየር ሳብን። ሰው ከኋላዬ ሲተነፍስ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ሲደክማቸው ቆምን።

«ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ቴክሳስ ናት።»

«ትደውልልሻለች?»

«ጊዜ ስታገኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔም እንደዚያው ነው» አሉ።

ሁለት ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ ኮሌጁ አሰናበተኝና ሳኒቬል ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የማጠብ ሥራ አገኘሁ፤ ሺፍቴ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ወራት አለፉ። በመጨረሻ በምሳ ሰዓቴ ደወልኩ። ቁጥሩ አይሠራም ነበር። ካምቤል ድረስ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ፤ የማላውቀው ወጣት ከፈተልኝ። ከሁለት ወር በፊት እንደገባ፣ ከእሱ በፊት ማን እንደኖረ ግን እንደማያውቅ ነገረኝ። ከኋላው ኮሪደሩን አየሁት፤ መቅዘፊያው የለም፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል።