የምታለቅሰው ጠገራ

ሙከሚል ጠገራ ብር በእጁ ከያዘ ሰው አያናግርም። ቡታጅራ ገበያ ዳር ካለችው የብር ጌጥ ሱቁ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልብስ ስሰፋ ስለኖርኩ አመሉን አውቃለሁ። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። ከዚያ ጠርዙን በጥፍሩ ይዳብሳል። በመጨረሻ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ትከሻ ይመረምራል። ጠገራ ሁሉ ላይ የሚጻፈው ዓመተ ምሕረት አንድ ነው፤ የትም ቢታተም፣ መቼም ቢታተም። የታተመበትን አገር የሚለየው በትከሻዋ ጌጥ ነጠብጣቦች፣ በጀርባው ባለው ንስር ላባና በፊደላቱ ቅርጽ ነው። ይህን ሙከሚል አሳምሮ ያውቃል፤ ማወቁን ደግሞ እንድናውቅለት ይፈልጋል። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

የእማማ ሰፍያ ልጅ ሙባሪክ በባሕር ወደ ሳውዲ ሊሻገር ሲነሳ እናቱ ለክፉ ቀን ይሁንህ ብለው አንዲት ጠገራ ሰጡት። ቀበቶው ውስጥ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከንግሥቲቱ ዓይን ሥር ተነስታ በጉንጯ የምትወርድ ቀጭን መስመር ስለነበረባት ቤተሰቡ «የምታለቅሰው» ይላት ነበር። ጅቡቲ ጠረፍ ደረሰ የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ። እማማ ሰፍያ በገበያ ቀን ከመስቃን በርበሬ ይዘው ሲመጡ የጠረፍ ነጋዴውን ሁሉ ስለ ልጃቸው እየጠየቁ ያስጨንቁ ነበር።

«ቁርጤን ልወቅ እንጂ ሌላ አልለምንም» ይላሉ።

አንድ ነጋዴ ከጠረፍ የለቀማቸውን አሮጌ ብሮች ለሙከሚል ይዞ መጣ። ከመካከላቸው አንዷ ታለቅሳለች። እናትየው ተጠሩ፤ ሽማግሌዎችም መጡ። ሙከሚል መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ ተናገረ።

«ጭረት ቢሆን ይጎደጉድ ነበር። ይሄ ግን ጎልቶ የወጣ ነው። የማተሚያው ብረት ሲሰነጠቅ የመጣ ነው፤ በሰው እጅ አይሠራም። ወላሂ የሙባሪክ ናት።»

እማማ ሰፍያ ብሯን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ልጁ በሕይወት እያለ ከቀበቶው አያወጣትም ተባለ። አስከሬን በሌለበት ተሰገደበት፤ ለቅሶ ተቀመጥን። ሚስቱ ፈትሂያ የባል ሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ጨርሳ ወልቂጤ አገባች፤ ልጅም ወለደች። ማንም አልፈረደባትም።

ባለፈው ክረምት ባሂራ የምትባል ሴት የሞቱ አያቷን ጠገራዎች ልትሸጥ መጣች። ሙከሚል አንዷን ድንጋይ ላይ ጣለ፤ አዳመጠ፤ መነጽሩን ደቀነ። ከዚያ ቀና አልል አለ። መቀሴን አስቀምጬ ተሻገርኩ። ያችው መስመር ናት፤ ከዚያው ዓይን ሥር ተነስታ በዚያው ጉንጭ ወርዳለች። ባሂራ ብሯ እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ከሣጥን ወጥታ እንደማታውቅ ነገረችን።

«የተሰነጠቀ ማተሚያ አንድ ብር ብቻ አትሞ አይቆምም» አለኝ ሙከሚል ሴትየዋ ብሯን ሸጣለት ከሄደች በኋላ። «እስኪቀየር ድረስ ስንጥቁን ሁሉም ላይ ያትማል። ይሄን አላውቅም ነበር?»

ያውቅ ነበር። ብሯ እውነተኛ መሆኗን ብቻ የሚያሳየውን ምልክት፣ የሙባሪክ ለመሆኗ ማስረጃ አድርጎት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን የፈሰሰው የሚለቀም አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰው አልሆነም። መናኸሪያ ሲደርስ ሙባሪክን የሚመስል ከሲታ ወጣት ጀርባ ካየ ተከትሎ ሄዶ ፊቱን ያያል። ቤቱ ያሉት ሰዎች ጂን ለክፎታል አሉ። የባሂራን ብር መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ስታለቅስ ይሰማኛል ይለኛል። ልስቅበት ብዬ ሳቁ ከአፌ አልወጣም፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

«እማማ ሰፍያን ተዋቸው፣ አትንገራቸው። ቁርጣቸውን አውቀው አርፈዋል» አልኩት።

«ያረፉት በኔ ቃል ነው» አለኝ።

አብሬው ሄድኩ። እማማ ሰፍያ ደጃቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ያገላብጡ ነበር። የመጀመሪያዋን ብር ከወገባቸው ፈትተው እንዲሰጡት ለመናቸውና ሁለቱን መዳፋቸው ላይ ጎን ለጎን አኖራቸው። ስንጥቁን አስረዳቸው፤ ሙባሪክ ሞቶ ላይሆን ይችላል ብሎም ጨረሰ። እጃቸው በርበሬ ስለነካ ዓይናቸውን ማበስ አልቻሉም።

«የልጄ የቷ ናት?» አሉት።

ሙከሚል መነጽሩን አውጥቶ አንዷን አየ፤ ሌላዋን አየ፤ መልሶ የመጀመሪያዋን አየ።

«የታተመችበትን እንጂ የማን እንደነበረች አላውቅም፣ እማማ።»

«ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«አላውቅም።»

«ለቅሶዬን ጨርሼ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉት። አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ወደ ቤት ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ስልክ ይዘው ወጡ። ሙባሪክ የሚያውቀው ቁጥር ያለባት ናት፤ ለቅሶ ከተቀመጥን ጀምሮ ተዘግታ ነው የኖረችው። ለኔ አቀበሉኝ።

«ከተማ ስትገባ ቻርጅ አድርግልኝ። ደውሎ አጥቶኝ ይሆናል።»

ይህን ያህል ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር እንደሚዘጋና ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አውቃለሁ። እሺ ብዬ ተቀበልኳቸው።