የወንድሜ ጉልበት፣ የእኔ ፊርማ

ታላቅ ወንድሜ ጉልበቱን የተጎዳው ከሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር ሲመለስ ነው። ጎብኚ የሚበዛበት የበጋ ወር ነበር። የጣለው አመዳይ መንገዱን አሙለጭልጮት ስለነበር አንዲት የጭነት በቅሎ ተንሸራታ ከነጭነቷ ቀኝ እግሩ ላይ ወደቀች። በቅሎዋ ተነሥታ ራሷን አራግፋ መንገዷን ቀጠለች። እሱም ተነሣ፤ እንግዶቹን መንገድ ላይ ጥዬ አልገባም ብሎ ሁለት ቀን እያነከሰ ደባርቅ ድረስ አደረሳቸው።

ወንድሜ ስካውት ነበር። በእኛ አገር ስካውት የሚባለው ጠመንጃ አንግቶ ጎብኚዎችን በተራራው ላይ የሚያጅብ ሰው ነው። ሥራው በተራ ነው። የሁሉም ስም በመዝገብ ይሰፍራል፤ እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰ ይወጣል። ተራው ደርሶ ያልተገኘ ይታለፋል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተገኘ ይሰረዛል፤ ከበታቹ ሆኖ የሚጠብቀው ብዙ ነውና። ከወላጆቻችን የደረሰችው ማሳ ተከፋፍላ ለእሱ የቀረችው ቁራጭ ነበረች። ቤቱን አቁሞ የያዘው ያ ተራ ነው።

ወጌሻው ሁለት ሳምንት ሙሉ አሸው። እብጠቱ ጎደለ። ጉልበቱ ግን ቁልቁለት ላይ ድንገት አልታጠፍም፣ አልዘረጋም እያለ ይቆለፍበት ጀመር። የታመመውን እግር እየጎተተ ሥራ ሲወጣ የሚያውቁት ባልደረቦቹ ጊዜ ሰጡት። ጎረቤቱ የሆነ አንድ ወጣት በእሱ ስም ተተክቶ እንዲወጣ፣ እሱ ሲድን ተራው እንዲመለስለት ተስማሙ። እስከሚመጣው ፋሲካ ድረስ ብቻ።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አዲስ አበባ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ እሠራለሁ። በመሥሪያ ቤታችን የምታወቀው ሰነድ ሳላይ ባለመጻፌ ነው። አለቃዬ፣ «ይቺ ሴትዮ የሠርግ ዜና ጻፊ ብትባል የጋብቻ ውሉን አምጡ ትላለች» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ስድብ አድርጌ አልቆጠርሁትም።

በዚያው ሰሞን አንድ አብሮ አደጌ ከውጭ አገር መጣ። ዳባት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ነው የተማርነው፤ እናቴ ቤት በልቶ ያደገ ልጅ ነው። የአጥንት ሐኪም ሆኖ ነበር የተመለሰው። ከውጭ ከመጡ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የጉልበት ጥናት ጀምሯል። የወንድሜን ነገር ስነግረው የማስታወሻ ደብተሬን ከእጄ ወስዶ ሥዕል ይሥልልኝ ጀመር።

«አጥንት ቢሰበር ደም አለው፣ ይጋጠማል» አለኝ። «ይኼ በአጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ሽፋን ግን፣ ልም አጥንት የምንለው፣ የደም ሥር የለውም። አንዴ ከተቦደሰ እንደተቦደሰ ይቀራል። አጥንትና አጥንት ይፋተጋል።»

«ታዲያ ምን ታደርጉለታላችሁ?»

«ከራሱ ጉልበት፣ ሸክም ከማይነካው ዳር፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቆርጠን እንወስዳለን። ውጭ ላቦራቶሪ ውስጥ ሴሎቹ ይባዛሉ። በሁለት ወር ይመለሱና ጉድጓዱ ይሞላል። ጋሼ እንደገና ጨነቅ ይወጣል።»

ይኼን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቼ ጻፍሁት። ደብተሩ ዛሬም አለ።

ወንድሜ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዞ መጣ። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ቀላል ነበር። በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አንዱን ካሜራ፣ ሌላውን መቁረጫ አስገብተው የሩዝ ፍሬዋን አወጡ። ከዚያ በፊት ግን ወረቀት መፈረም ነበረበት። አራት ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። አብሮ አደጌ እያገላበጠ በቃሉ አስረዳን። ወንድሜ ጉልበቱን በእጁ ሸፍኖ ያዳምጥ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ከገላዬ የወጣው ነገር በእርግጥ ወደኔው ይመለሳል?»

«እንዴታ! አድጎ ይመለሳል እንጂ፣ ጋሼ። የሌላ ሰው አይገባብህም።»

«የፈረንጅ ጉልበት ገብቶልኝ ዳገት አልወጣም እንዳይለኝ ብዬ ነው» አለና ሁላችንም ሳቅን።

ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ የምስክር ቦታ ነበር። ምስክሯ እኔ ነኝ። ወረቀቱን ለማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም። ነገር ግን በእናቴ መሶብ ያደገ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ፣ እሱ በቃሉ የነገረኝን ገጽ በገጽ እያገላበጥሁ ማረጋገጥ ነውር መሰለኝ። አላመንሁህም ማለት ይሆንብኛል ብዬ ተሳቀቅሁ። ሚኒስትር ፊት ያልተሳቀቅሁ ሰው ነኝ። እስክሪብቶውን አንሥቼ ፈረምሁ። ወንድሜም ከእኔ ቀጥሎ ፈረመ።

በሳምንቱ በጋዜጣችን ስለ ጥናቱ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍሁ። የወንድሜን ስም አልጠቀስሁም፤ ደባርቅ ግን ሁሉም ሰው አወቀ። ከዳባትና ከድብ ባሕር ሳይቀር ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ስልክ እየደወሉ የክሊኒኩን አድራሻ ጠየቁኝ።

ሁለት ወሩ አለፈ። ስደውል አብሮ አደጌ ሴሎቹ በደንብ እያደጉ ነው፣ ትንሽ ይቆያል ይለኛል። ወንድሜ በክራንች እየሄደ ስካውቶቹ ተራ ወደሚጠብቁበት ግቢ ብቅ ይል ነበር። እዚያ የሚቀርለት ቀልድ የለም።

«ኧረ ጉልበትህ እንዴት ከረመች?» ይለዋል አንዱ። «ቪዛ አግኝታ ከሁላችንም ቀድማ ውጭ አገር ገባች አሉ!»

«ብርዱ እንዴት ሆኖላት ይሆን?» ይላል ሌላው።

«የጨነቅን ብርድ የቻለች ናት፣ ለእሷ አታስቡ» ይላቸዋል ወንድሜ። «ስትመለስ ተራዬን ታስመልሳለች።»

ከገና በኋላ ጎንደር ያለ አንድ የአጥንት ሐኪም ጉልበቱን አየለት። ራጁን ከመብራቱ ላይ ሰቅሎ፣ ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት በትንሹ ቆርጦና አቃንቶ፣ ሸክሙ ከተጎዳው ወገን ወደ ደኅናው እንዲያመዝን ማድረግ እንደሚችል ነገረው። ልም አጥንቱን አይመልስልህም፣ ነገር ግን ለዓመታት ያራምድሃል፤ አሁን ከሆነ፣ ጉዳቱ ሳይሰፋ፣ አለው። ወንድሜ ደወለልኝ።

«ምን ልበለው? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ለአብሮ አደጌ ደወልሁ። አላመነታም። «አጥንቱ ከተነካ የኛ አይሆንም። ይጠብቅ በይው» አለኝ። ወንድሜን ጠብቅ አልሁት። ጠበቀ። በመሀል ሁለት ጊዜ ለጉልበቱ የራጅ ፎቶ ተብሎ አዲስ አበባ ተጠራ፤ ሁለቱንም ጊዜ በዚያ እግሩ በአውቶቡስ ተጉዞ መጣ። ፎቶ አንሥተው መለሱት። ፋሲካ ደረሰ፤ ባልደረቦቹ እስከ መስከረም ጨመሩለት። ከዚህ በላይ ግን አንችልም አሉት፣ አንገታቸውን ደፍተው። ከዚያ ወዲያ አብሮ አደጌ ስልክ ማንሣት ተወ።

ነሐሴ ላይ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። የምስክርነት ፊርማዬን ጠቅሼ የወረቀቱን ቅጂ ጠየቅሁ፤ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ያለ ብዙ ክርክር ሰጠችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። የተወሰደው ናሙና ለላቦራቶሪ ጥናት ብቻ የሚውል መሆኑ፣ ለተሳታፊው ተመልሶ ሕክምና እንደማይሰጥበት፣ ተሳታፊውም ይኼን ተረድቶ በፈቃዱ የለገሰ መሆኑ ሦስተኛው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የተደበቀ ነገር የለም። ፊደሉም ትንሽ አይደለም።

ወደ ውጭ ተመልሶ የነበረው አብሮ አደጌ ለስብሰባ መምጣቱን ሰማሁና አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ሳመኝ። ስለ ዳባት ጠየቀኝ።

«ወንድሜ አሁንም እየጠበቀ ነው» አልሁት።

«ምኑን?»

ይኼን ሲል ማስመሰል አልነበረበትም፤ ያንን እርግጠኛ ሆኜ መናገር እችላለሁ። በእርግጥ ረስቶት ነው። ቀጥሎ ትዝ አለው።

«አዎ፣ ጋሼ! የእሱ ሴሎች እኮ ጉድ ናቸው። እንደ እሱ የተባዛ የለም፤ የደጋ ሰው ነገር» ብሎ ፈገግ አለ።

«መቼ ነው ታዲያ የሚመለሱለት?»

ማኪያቶውን ማማሰል ጀመረ። «ወረቀቱን አንብበሽ አይደል እንዴ የፈረምሽው?»

ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። አላነሣውም። መጀመሪያ ላይ ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን እዚህ ለመሥራት ፈቃድ እናገኛለን ብለው እንዳሰቡ፣ ፈቃዱ እንዳልመጣ፣ ያኔ የነገረን ሊሆን የሚችለውን እንደሆነ አስረዳኝ። እየቆራረጥሁ አልጠየቅሁትም፤ ሰው ሲናገር አላቋርጥም። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት።

«የጎንደሩ ሐኪም ሊሠራለት ሲል ጠብቅ ያልኸው ለምንድን ነው? ያኔ እኮ ፈቃዱ እንደማይመጣ ታውቅ ነበር።»

አስተናጋጁ መጥቶ የሚጨመር ነገር እንዳለ ጠይቆን ሄደ።

«አጥንቱ ከተሠራ ከጥናቱ ይወጣል» አለ በመጨረሻ። «ያልታከመ ጉልበት በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚበላ ማየት ነበረብን። ፎቶዎቹ ያስፈልጉን ነበር። እንዲህ አታድርጊው እንጂ፤ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ሥራ ነው።»

ይኼንንም ጻፍሁት። እኔን ያዋረደኝ መዋሸቱ ብቻ አይደለም፤ ውሸቱን ከእሱ ተቀብዬ በራሴ ድምፅ ለወንድሜ ያደረስሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ይኼን አስልቶ ነው። ወንድሜ እሱን ላያምን ይችል ነበር።

በማግሥቱ ወደ ደባርቅ ተሳፈርሁ። ወንድሜን ያገኘሁት ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የታጨደ ሣር ሲያስር ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርሁት። እጁ ሥራውን አላቆመም።

«ወረቀቱ ላይ ነበር?» አለኝ።

«ነበር።»

«አንቺ አላነበብሽውም?»

«አላነበብሁትም።»

እስሩን አጥብቆ ቋጠረ። «እኔ እኮ የእሱን ወሬ ሰምቼ አልፈረምሁም። አንቺ እስክሪብቶ ስታነሽ አይቼ ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «በይ ግቢ፣ እህል ቅመሽ» አለኝ።

ሚስቱ ግን አልማረችኝም። ጓዳ ሆና፣ እኔ እንድሰማ፣ «የተማረ ሰው ቤታችን አለ ብለን ስንኮራ!» አለች። ሊቆጣት ዞረ፤ ተዋት አልሁት።

ጎንደር ይዤው ሄድሁ። ያው ሐኪም አዲሱን ራጅ ከአሮጌው ጎን ሰቀለው። በአሮጌው ጉዳቱ በአንድ ወገን፣ የሃያ አምስት ሳንቲም ፍራንክ የሚያህል ነበር። በአዲሱ ወደ ሌላኛው ወገን ተሻግሯል፤ የላይኛውም አጥንት ተፍቋል። ሸክሙን የሚያዛውርበት ደኅና ቦታ አልቀረለትም። ሐኪሙ ማንንም አልወቀሰም። ዱላ ይዞ ሜዳ ላይ መሄድ እንደሚችል፣ ቁልቁለት ግን እንዳለቀለት ብቻ ነገረን። ሰው ሠራሽ ጉልበት የሚባል ነገር እንዳለ፣ በዚህ ዕድሜ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን እንደማይመክረው ጨመረ።

መስከረም ከመጥባቱ በፊት ወንድሜ ስካውቶቹ ወደሚቀመጡበት ግቢ ሄደ። አብሬው ነበርሁ። እስኪሰርዙት አልጠበቀም። ጸሐፊውን መዝገቡን አስመጣና ስሙን አሰርዞ፣ ከጎኑ የዚያን ሲተካለት የከረመውን ወጣት ስም አስጻፈ። የዚያን ቀን ስለ ቪዛ የቀለደ የለም። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል፣ «ይቺን ተዋት፣ ያመኛል» ብሎ በትከሻው አነሣው።

እኔ የበኩሌን ጻፍሁ። ያንን ገጽ የሞላ ጽሑፌን የሚያርም፣ የወረቀቱን ሦስተኛ ገጽ ቃል በቃል የያዘ ጽሑፍ ነበር። አለቃዬ ነገሩ አርጅቷል ብሎ አሳጥሮ በውስጥ ገጽ ግርጌ አወጣው። ክሊኒኩ መልስ አልሰጠም። አብሮ አደጌ አንድ መልእክት ላከልኝ፤ በወዳጅነታችን መፍረስ እንዳዘነ የሚገልጽ ነው። አልመለስሁለትም።

ከዚያ በኋላ ከወንድሜ ጋር ተጣልተን አናውቅም። በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ አልጋውን ለቅቆልኝ መደብ ላይ ይተኛል። አንድ ጊዜ እዚያው እያለሁ፣ ከዓመታት በፊት ያጀባቸው ባልና ሚስት ጎብኚዎች በእንግሊዝኛ የጻፉለት ደብዳቤ ደረሰው። ፖስታውን ቀዶ ወረቀቱን ዘረጋው። እኔ አጠገቡ ነበርሁ። በእኔ ላይ አሳልፎ፣ ሊጠይቀው ለመጣ ጎረቤቱ መምህር ሰጠው።

መምህሩ ደንግጦ አየኝ። «እሳቸው እያሉ?»

«አንተው አንብበው» አለው ወንድሜ። «እሷ መንገድ አድክሟታል።»

መምህሩ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ እየቆመ እየቀጠለ ተረጎመለት። ሰዎቹ ደኅና ናቸው፤ ልጅ ወልደዋል፤ የጨነቅን ብርድ አልረሱትም። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ተረጎመ፤ አላረምሁትም።

«አሁንም ተራራውን ትወጣለህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ» አለ መምህሩ። «ምን ብዬ ልመልስልዎ፣ ጋሼ?»

ወንድሜ ደብዳቤውን ተቀብሎ አጣጠፈው።

«አርጅቷል ብለህ ጻፍላቸው» አለው።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።