ግድግዳ ያጎበጠው መብራቴ

መጀመሪያ የነደፍኩት የሥራ መብራት ሦስት እግር ነበረው። ቡራዩ በተከራየነው ቤት ሳሎን ውስጥ አቁሜ ሳየው ከእሱ የሚያምር ዕቃ ያለ አልመሰለኝም። ባትሪው በውስጡ ነው፣ ገመድ አይጎትትም፣ አንገቱ ወደፈለጉት ይዞራል። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አየውና «ቆንጆ ነው፤ ግን ሠራተኛ ይነካዋል እንዴ?» አለኝ። ቀንቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። በየግንባታው ስዞር ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ምድር ቤት ገብተው፣ ሽቦዋ በተላጠ አንዲት አምፖል ሲሠሩ እያየሁ ነው ይህን ነገር የጀመርኩት። ከመንደፌ በፊት ግን አንዳቸውንም «ምን ዓይነት መብራት ትፈልጋላችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። የሚያስፈልጋቸውን እኔ አውቅላቸው ነበራ!

አንድ ማለዳ ሱሉልታ ወደሚሠራ አዲስ ፎቅ ይዤው ሄድኩ። ምድር ቤቱን የሚለስኑት በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚያ ሁሉም «ኦቦ»፣ በአማርኛ «አቶ»፣ ብቻ ይላቸዋል።

«አካም ቡልተኒ?» አልኳቸው፣ እንዴት አደሩ ለማለት ከማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ መርጬ።

«ነጋ፣ ነጋ» ብለው ደህንነታቸውን ነገሩኝና ሦስቱን እግር አዩ። ወዲያው ሲሚንቶ የጠጣውን ባርኔጣቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ። «ልትቀርጪን ነው?»

«ኧረ መብራት ነው፣ ኦቦ!»

«እህ» ብለው ባርኔጣውን መልሰው ደፉት። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

አበራሁት። ምድር ቤቱ ቦግ አለ። እኔ አድናቆት ስጠብቅ እሳቸው ፊታቸውን በክንዳቸው ጋርደው «ልጄ፣ የምለስነው ግድግዳውን ነው ዓይኔን?» አሉኝ። ቶሎ ብዬ አንገቱን ላዞር ስል፣ ለካ አንዱ እግር ስባሪ ብሎኬት ላይ ቆሞ ኖሯል፣ መብራቱ ተንገዳግዶ አሸዋው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ሳሎናችን ውስጥ ስባሪ ብሎኬት የለም፤ ከየት ላስበው?

ለኦቦ ሲሚንቶ የምታቀብላቸው ሴት፣ ዓመታት አብራቸው የሠራችና በነገር የማትቻል፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አነሳችው። እግሮቹን አጣጥፋ ግድግዳው ሥር በጎኑ አስተኛችውና «ይረፍበት፣ ደክሞታል» አለች።

ያኔ ሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞርን። ብርሃኑ ግድግዳውን ከጎን እየታከከ ሲሄድ፣ ትናንት አልቆ «እንደ መስታወት ነው» የተባለለት ልስን ጉብታና ስርጉድ ብቻ ሆኖ ታየ። እንጦጦን ከሩቅ የማይ መሰለኝ።

ኦቦ ቀረብ ብለው አዩት፤ ራቅ ብለው አዩት። «መብራትሽ ግድግዳዬን አጎበጠው» አሉ።

«መብራት እኮ ግድግዳ አያጎብጥም፣ ኦቦ።»

«ትናንት ቀጥ ያለ ነበር። አንቺ ከመጣሽ ነው።»

ሴትየዋ ስታጃ የሚሉትን ረጅም የአሉሚኒየም ማስተካከያ አቀበለቻቸው። ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉት ብርሃኑ በሥሩ ሾልኮ ወጣ። ማጋነን ካልሆነብኝ ጣቴ ይገባበት ነበር።

«ያ ዋቅ!» አሉ ኦቦ፣ ፈጣሪያቸውን ጠርተው፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስለስን ማንም አላሳበቀብኝም ነበር። ይቺ መብራት አሳባቂ ናት!»

ያን ቀን ጉብታውን ሲፍቁ፣ ስርጉዱን ሲሞሉ አብሬያቸው ዋልኩ። በየመሃሉ የመብራቴን ጉድ ይነግሩኛል። ማብሪያዋ ሚጢጢ ናት፤ ሲሚንቶ በነካው ጣት አትገኝም። ውሃ ቢረጭባትስ ምን ልትሆን ነው? ሴትየዋ ደግሞ «ሁለቱ እጄ ባልዲ ይዞ በምኔ ልሸከማት? ማንገቻ አድርጊላት እንጂ» አለችኝ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ለባለቤቴ ግን አንዱንም አልነገርኩትም።

ሁለተኛው መብራት እግር የለውም። ጠፍጣፋና ከባድ፣ ክዳኑን የገጠመ ድስት የሚመስል ነገር ነው፤ ሳሎን የሚቀመጥ አይደለም። ፊቱን ወተት በመሰለ ፕላስቲክ ስለሸፈንኩት ዓይን አይወጋም። ኦቦ ትልቁን ማብሪያ በክርናቸው ተጭነው አበሩትና «ቶሌ» አሉ፤ እሺ፣ ይሁን ማለታቸው ነው። ከሳቸው አፍ ይህም ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲያ መብራቱን ማስመለስ አልቻልኩም። ተቆጣጣሪው ሥራቸውን ሊያይ ሲመጣ ኦቦ መብራቱን ፊት ለፊት ያደርጉታል፤ ግድግዳው ልስልስ ብሎ ይታያል። የሌላ ለሳኝ ሥራ ሊጎበኙ ሲሄዱ ግን በጎን ያስቀምጡትና እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው «ውይ! ውይ!» ይላሉ።

«ኧረ ኦቦ፣ ይሄ ነውር ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔማ የራሴን ጠዋት ብቻዬን በጎን አይቼ ጨርሻለሁ» አሉኝ፣ ፍጹም ተረጋግተው። ሴትየዋ ከኋላቸው ራሷን ነቀነቀች። እውነታቸውን ነው ማለቷ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በቅርቡ ሰበታ ከአንድ የፋብሪካ ግንባታ አራት መብራት ታዘዝኩ። ከሚኒባስ አውርጄ በሩ ላይ ስደርስ እዚያ የነበሩት ለሳኞች ገና አፌን ሳልከፍት አወቁት።

«የኦቦ መብራት መጣ!» አለ አንዱ። ሱሉልታ ያሉ አንድ ሽማግሌ የግድግዳ ጉድለት እንዳያመልጣቸው ብለው ራሳቸው አስበው እንዳሠሩት፣ መጀመሪያ አንዲት ኤሌክትሪሺያን በሦስት እግር አበላሽታባቸው እንደነበር ሁሉ ተረከልኝ። በደንብ ያውቀዋል። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምናቸው ነሽ?» አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አሰብኩ። ግን እንዲህ አሳምሮ ያወራውን ሰው እንዴት ላሳፍረው? ደግሞስ ከተናገረው ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው?

«መብራት አመላላሻቸው ነኝ» አልኩት።

«በይ ግቢ፣ ጨለማው ክፍል በዚህ በኩል ነው» ብሎ አንዱን መብራት ተቀበለኝ።