የጌሾው ሁለት ጭራሮዎች

አከራዬን አልወዳቸውም። አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው እንጂ ለጠባያቸው አይደለም። ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ ሳስተምር ውዬ ስመለስ በር ላይ ቆመው «ዛሬም ትል ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል። ትል አይደሉም። ጭራሮ የሚመስሉ፣ ሲነኳቸው እንኳ እንደ ጭራሮ ድርቅ ብለው የሚቀሩ ነፍሳት ናቸው።

የክረምት ትምህርቴን የመመረቂያ ጽሑፍ የምሠራው በእነሱ ላይ ነው። ከቡሬ መንገድ አጥሮች እሾሃማውን፣ ከቤተሰቦቼ አገር ከሽንዲ ለስላሳውን ለቅሜያለሁ። ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ በእንቁላላቸው ቅርፅ ሳይቀር ይለያያሉ። ያስቸገሩኝ ግን ከመስኮቴ ሥር፣ የአከራዬ ጌሾ ላይ የሚኖሩት ናቸው። አንዱ ወፍራምና ክንፍ የለሽ፣ ሌላው እንደ ስንደዶ ቀጭንና ባለ ክንፍ። እኔ የአንድ ዓይነት ሴትና ወንድ ናቸው አልኩ። አማካሪዬ «ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ካላመንሽ ሲገናኙ አሳዪኝ» ብሎ ሰው ፊት አሳፈረኝ።

«እትዬ፣ የገና በዓል እስኪያልፍ ጌሾውን አይንኩብኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ኧረ ወዲያ! በጌሾየ ትል ልቀልብልሽ?»

ሽንዲ ሰንብቼ ስመለስ ጌሾው ተመልምሎ አገኘሁት። ቅጠሉም እንጨቱም ጆንያ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል፤ እሳቸው ሙቀጫው ላይ ናቸው። ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ።

«ነፍስ ያለውን ከእንጨት መለየት አቃተዎት?»

«የኔ ዓይን ለጌሾ እንጂ ለትል አልተፈጠረም» አሉኝ፣ ዘነዘናውን እንኳ ሳያሳርፉ።

ተንበርክኬ ከእንጨቱ መካከል ስለቅም አገኘኋቸው። ቀጭኑ ከወፍራሟ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ የሆዱ ጫፍ ከሆዷ ጫፍ እንደተያያዘ ደርቀዋል። ባልና ሚስት ነበሩ። ትክክል ነበርኩ፤ ደስ ግን አላለኝም። ቀና ስል ሙቀጫው ውስጥ ቀጫጭን እግሮች ከዱቄቱ ጋር ተደባልቀው አየሁ። ጌሾው ላይ አንድም አልቀረም።

የገና ዕለት እንግዶቻቸው ፊት ጠሩኝ። «ነይ ቅመሽ አንች፣ የመስኮትሽ ጌሾ ነው» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ጠላውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ወጣሁና፣ እያዩኝ፣ የተመለመለው ጌሾ ሥር ደፋሁት።

«ነገውኑ ቤቴን ልቀቂ!» ሲሉ ሰማሁ።

የለቀቅኩት በዚያው ዕለት ነው። ከዕቃዬ ሁሉ አስቀድሜ ያወጣሁት ሁለቱ እንደተያያዙ ያሉበትን የክብሪት ቀፎ ነበር።