ደረጃ ላይ የሚያዝዝ አንድ ሰው ነው

ትልቅ መስታወት በደረጃ ሲወጣ የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለምን ቢሉ፣ ተሸካሚዎቹ "ግራ!" "ቀኝ!" እየተባባሉ ከተጓተቱ መስታወቱ ይጣመማል፤ የተጣመመ መስታወት ደግሞ ምክር አይሰማም። መስታወት ቆራጩ ይህን ሕግ ለታናሽ ወንድሙ ያስተማረው ልጁ ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ከዚያ ወዲህ አዛዡ ሁልጊዜ እሱ ነበር።

የዛሬው ሦስተኛ ፎቅ ላለችው ልብስ ሰፊ የሚገባ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ ታናሹ፣ "ጋሼ፣ ከአንተ ጋር ይሄ የመጨረሻ ሥራዬ ነው። የራሴን ልከፍት ነው" ብሎታል። ቆራጩ መስታወቱን መወልወል ጀመረ። ሆዱ ውስጥ ግን ቃላት እንደ ቢላ እየተሳሉ ነበር። ማለዳ "ፈቃድህ ይሁን" ብሎ ሲጸልይ የራሱን ፈቃድ ማለቱ እንደነበር ያኔ ገባው።

እሱ ከታች፣ ወንድሙ ከላይ ሆኖ የኋሊት እየረገጠ ወጡ። የታችኛው ክብደቱን ይችላል፤ የላይኛው መንገዱን ያያል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የመስታወቱ ጥግ ግድግዳውን ፋቀው።

"ወደ ቀኝ!" አለ ቆራጩ።

"ቀኝማ ግድግዳ ነው! አንተ አይታይህም፣ ለእኔ ተወው።"

"የማዝዘው እኔ ነኝ!"

"እዘዛ፣ መነኩሴው! ጸልይበትና ግድግዳው ይከፈትልህ!"

ሁለቱም ሳቡ። መስታወቱ ሲጥ አለ። ሁለቱም ባሉበት ደረቁ።

ቢሰበር የሚወርደው ቆራጩ አንገት ላይ ነው። "ማን ሰው ያደረገህ መሰለህ?" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሷል። ይህን ከተናገረ ወንድሙ መስታወቱን አድርሶ ላይመለስ እንደሚሄድ ያውቃል። በልቡ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ለአንተ ሰጥቼሃለሁ፤ እኔንም ያዘኝ" አለ። ልብ በሉ፤ ጸሎቱ ከክብደቱ ቅንጣት አልቀነሰለትም። ጣቶቹ ግን መስታወቱን ማነቅ ተዉ።

"እሺ፤ አንተ እዘዝ።"

ታናሹ በመስታወቱ ጠርዝ አጮልቆ አየው። "የምርህን ነው?"

"ክንዴ ሊገነጠል ነው፣ እዘዝ እንጂ!"

"ወደ ራስህ አዘንብለው… ቀስ… አሁን አንድ ደረጃ ወደ ታች ውረድ።"

ወደ ታች! ከጀርባው ምን እንዳለ አያይም። እግሩን ወደ ኋላ ሰደደ፤ ደረጃው ተቀበለው።

"ጎሽ። አሁን ና።"

መስታወቱን ልብስ ሰፊዋ ቤት አቁመው ሁለቱም ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ።

"ትሄዳለህ?"

"እሄዳለሁ፣ ጋሼ።"

ቆራጩ የጠዋቶቹ የተሳሉ ቃላት ተመልሰው እስኪመጡበት ጠበቀ፤ አልመጡም። "እግዜር ያቅናልህ" አለ፤ ከልቡ ነበር።

ታናሹ መዳፉን አሻሸ። "ትልቅ መስታወት ሲመጣ ግን ከማንም ጋር እንዳትሞክር፤ ጥራኝ።"

"ልታዝዘኝ?"

"ታዲያስ! ከታች ሆነህ ምን ታያለህ?"