አንገቴ ላይ ያሰርሁት ወረቀት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ጤፉ ማሸት ሲጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ይህ ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። ማንነታቸውን ያልገለጽኋቸው ሰዎች ቢኖሩ ሆን ብዬ ነው።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ማስተዋል ትባላለች፤ ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ታሪክ ትማራለች። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ መቆለፉን አያለሁ። ጎረቤቶቼ «ያንቺ ቁልፍ ከሌባ ይልቅ ባንቺ እጅ አለቀ» እያሉ ይስቁብኛል።

በዚያ ሰሞን መምህራቸው የጥናት ርእስ በዕጣ አከፋፍሏቸው ነበር። ለእሷ የወጣላት እንግዳ ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤት መጥታ ስትጽፍ «ምንድን ነው?» አልኋት።

«አሜሪካ ውስጥ ሞርሞን የሚባሉ አማኞች አሉ» አለችኝ። «ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ የራሳቸው ቅዱስ መጽሐፍ አላቸው። ከተማው፣ ወንዙ፣ ኮረብታው ሁሉ በስም ይጠራል። የት እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።»

«ቦታው ካልታወቀ ምኑን ትጽፊዋለሽ?»

«ስሞቹ ከየት እንደመጡ ነዋ፣ እማ! አማኞቹ የጥንት አገሮች ናቸው ይላሉ። አረብ አገር ድረስ ሄደው ተመሳሳይ ስም አገኘን የሚሉም አሉ። የማያምኑት ደግሞ፣ መጽሐፉን ያወጣው ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከሰፈሩ አካባቢና ከካርታ ላይ ለቅሞ ነው ይላሉ። አየሽ፣ መጽሐፋቸው ውስጥ ኩሞራ የሚባል ኮረብታና ሞሮኒ የሚባል ከተማ አለ። ኮሞሮስ የምትባል የደሴት አገር ደግሞ አለች፤ ዋና ከተማዋ ሞሮኒ ይባላል። ከዚያ ተወስዶ ይሆን? እንዲሁ ገጥሞ ይሆን?»

«የሰው ሃይማኖት ስትቆፍሪ የራስሽን እንዳትጥይ ብቻ» አልኋት።

«አይ እማ! እኔ ስም ነው የምለቅመው፤ ምስር እንደሚለቀም» ብላ ሳቀች።

እሑድ ከሰዓት ወደ ቡሬ ተመለሰች። ማታውን አልጋዋን ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር ሁለት ቅጠል ወረቀት አገኘሁ። ስሞች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፤ መሐል ለመሐል ቀስት ተስሏል፤ ከታች ካርታ አለ። ጥናቷን በማግሥቱ ከሰዓት እንደምታቀርብ ነግራኛለች። ልደውልላት ብል ኔትወርክ የለም። ልጄ በጓደኞቿ ፊት ባዶ እጇን ስትቆም ታየችኝ።

ያን ጊዜ መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ስልክ ይከፈታል፤ ወረቀት ይገለጣል። ካርታ ያለበት ወረቀት ያስጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። አስቤ አስቤ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ልጅ ሳለሁ የዓይነ ጥላ ክታብ አስረውልኝ ነው ያደግሁት። በእኛ አገር የሰው ክታብ አይፈታም፤ የፈታው ሰው የባለቤቱ በሽታ ይተላለፍበታል ይባላል። ወረቀቱን እስኪጠብቅ አጥፌ በቀይ ጨርቅ ሰፋሁትና ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርሁት። መርፌውን ስሰካ «እንደኔ ያለ ጠንቃቃ የለም» ብዬ በልቤ ተኩራርቼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ያዝሁ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል። እጀታው በፍየል ቆዳ ጠፍር የተጠገነ ጥቁር ጥላ ይዘዋል።

«ልጄ፣ መስኮቱ ቢከፈት አቧራ፣ ቢዘጋ ሙቀት ነው። ምረጪ» አሉኝ።

«እንዳሉ ይሁን፣ አባ።»

«እንግዲያ ግማሹን እንክፈት፤ ግማሽ አቧራ፣ ግማሽ ሙቀት» ብለው ሳቁ። ቡሬ የታመመች እኅት እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ሌላ አልተጫወትንም።

ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጠበቀን። የታጠቁ ሰዎች ውረዱ አሉን፤ ወረድን። የማን ወገን እንደነበሩ አልጽፍም። ሴቶችን ለብቻ አቆሙን። በአካባቢው የሚያርስ ገበሬ፣ የሚግጥ ከብት አይታይም። ጤፉ ብቻውን በነፋስ ይተኛል፤ ይነሣል።

አንድ ቀጭን ወጣት ቦርሳዬን አየና መለሰልኝ። ልሄድ ስል ዓይኑ አንገቴ ላይ ወደቀ።

«ይህ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ክታብ ነው።»

እጁን ሰበሰበ። ጥሩ ሆነልኝ ብዬ ተነፈስሁ። እሱ ግን አልሄደም። በአንድ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ።

«እኔ የአብነት ተማሪ ነበርሁ» አለ። «ክታብ በብራና ተጽፎ በቆዳ ይሰፋል። የእርስዎ ወረቀት ነው፤ ክሩም የትናንት ነው። ማን ጻፈልዎት?»

«አንድ መሪጌታ።»

«የት ያሉ መሪጌታ?»

የደብር ስም ስፈልግ ዘገየሁ። ያን ጊዜ ምላጭ አውጥቶ ክሩን በጠሰው።

ወረቀቱን ዘርግቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «የጥፋት ምድር። ጠባቡ የመሬት አንገት፤ የሰሜኑን ምድር ከደቡቡ የሚያገናኝ። የመጨረሻው ውጊያ ኮረብታ፤ ትክክለኛ ቦታው አልታወቀም፤ ሁለት ግምት አለ።»

ሰዉ ሁሉ ከእኔ ፈቀቅ አለ። እኔ ራሴ የተጻፈውን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። የልጄን የቀለም ነገር ሰው ሲያነበው እንዲህ ያስፈራል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

አለቃቸው ድንጋይ ላይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። በዕድሜ የኔ እኩያ ነው። «ይህ ኮረብታ የት ነው?» አለኝ።

«አላውቅም፣ ጌታዬ። የትምህርት ወረቀት ነው።»

«የትምህርት ከሆነ ለምን አንገትሽ ላይ ሰፋሽው?»

አንቱታው ቀረ። ደብተር ውስጥ አድርጌው ብሄድ ምናልባት ገልጠው ይመልሱልኝ ነበር።

«ማን ጻፈው? ቡሬ ማን ሊቀበልሽ ነው?»

የማስተዋል ስም ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥሁት። ስሟን ብጠራ ግቢ ድረስ ሄደው እንደሚያወጧት ታየኝ። «እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልሁ።

ብዕር ሰጠኝና «እስኪ ኮረብታ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍሁ። አንዱ ፊደል ሰማይ፣ አንዱ ምድር ሆነ። አለቃው ሁለቱን ጽሑፍ አስተያየና ለሾፌሩ «እሷ እስክትናገር ከዚህ የሚነቃነቅ የለም» አለው።

አጠገቤ የቆመች ሴት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ተናገሪ እንጂ፣ እቴ! ላንቺ ክታብ ሁላችን እንለቅ?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ነው ቄሱ ጥላቸውን መኪናው ውስጥ ትተው የመጡት። «እስኪ ወረቀቱን አሳየኝ፣ ልጄ» አሉት አለቃውን። ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ቀስ ብለው አነበቡ።

«ሲዶን ወንዝ ይላል። ሲዶናን ታውቃታለህ?»

«በወንጌል ያለችው ከተማ ናት።»

«እንግዲህ እዚህ ወንዝ አድርገዋታል። ኢየሩሳሌም የምትባል ሌላ ከተማም አለችበት። እኛስ ብንሆን? ጣና ላይ ገሊላ አለን። ላሊበላ ዮርዳኖስ አለን። ሰው የወደደውን አገር ስም ተሸክሞ ሄዶ በደጁ ይተክለዋል። ይህንን የጻፈ ሰው ስሙ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ነው። የጦር ወረቀት ቢሆን የእኛ መንደር፣ የእኛ ወንዝ ይኖርበት ነበር። ከዚህ ውስጥ የጎጃም አገር ስም ካገኘህ እኔን እሰረኝ።»

አለቃው ወረቀቱን ተቀበላቸው። ፊቱ ሲለዝብ አየሁ። ሁለተኛውን ቅጠል እንዲሁ ገለበጠው። ከዚያ ዓይኑ አንድ ቦታ ቆመ።

«አባ፣ አገኘሁ» አለ።

ልጄ ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ እንዲህ ብላ ጽፋ ኖሯል፦ «የራሳችን አገር ምሳሌ፦ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ደምበጫ፣ ፈረስ ቤት። ስማቸው ከየት መጣ?»

ቄሱ አነበቡት። ከስሩ ያለውን ጥያቄ በጣታቸው አሳዩት፤ «ይኸው፣ ስማቸው ከየት መጣ ነው የሚል» አሉት። አለቃው ግን ከአገሮቹ ስም አልፎ ማየት አልፈለገም።

«እርስዎ ነዎት ያሉት» አላቸው።

ቄሱ ወደ እኔ ዘወር አሉ። ምናልባት የምናገረው ነገር ካለ እየጠበቁ ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ያልሁት ያልሁት ነው» አሉ። «እሷን ልቀቃት፤ የልጆች እናት ናት። የቀረውን እኔ አስረዳሃለሁ። ሾፌር፣ ሂድ፤ ሰዉ በፀሐይ አለቀ።»

መኪናው ውስጥ ገባን። ማንም ማንንም አላየም። የቆነጠጠችኝ ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ዞር ስል ቄሱ ከአለቃው ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያሳዩታል፤ ልክ ተማሪ እንደሚያስተምሩ። ጥላቸው ከጎኔ ቀርቷል።

ማስተዋልን ግቢው በር ላይ አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኋት።

«እማ» አለችኝ፤ «ያ እኮ ረቂቁ ነው። በንጹሕ የገለበጥሁት እኔ ጋ ነው ያለው።»

ሁለታችንም እዚያው አፈር ላይ ተቀመጥን።

ከሰዓት ስመለስ መንገዱ ክፍት ነበር። ድንጋዮቹ ወደ ዳር ተገፍተዋል፤ ሰው የለም። የቀይ ጨርቄ ቁራጭ እሾህ ላይ ተንጠልጥላ አየኋት። ሾፌሩን አቁምልኝ ስለው «አብደሻል?» አለኝና ነዳ።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅሁበት ደብር የለም። ቡሬም ሄጄ ወንድሟ ቄስ የሆነ የታመመች ሴት ፈልጌአለሁ። እንዲያ ያለች ሴት ሦስት አገኘሁ፤ የአንዳቸውም ወንድም ግን እሳቸው አይደሉም። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ ደብራቸውን አልጠየቅሁም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄሱን በጸሎት እንዲያስቡልኝ ስለምናቸው፣ ካህኑ «ስመ ክርስትናው ማነው? ለሕያው ነው ለሙት?» አሉኝ። የመጀመሪያውን አላውቅም አልሁ። ለሁለተኛው «ለሕያው» አልሁ።

ጥላቸውን ገበያ ስወጣ እይዛለሁ። ፀሐይ ባይኖርም እዘረጋዋለሁ፤ የሚያውቀው ሰው ቢኖር ብዬ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት የባላገር ሴት ጥቁር ለብሳ ከፊቴ ቆመች። የፍየል ቆዳውን ጠፍር አየችው። እጇን ልታነሣ ብላ ተወችው። ከዚያ አቀርቅራ ወደ እህል ተራው ሄደች።

ሮጬ ልደርስባት እችል ነበር። እግሬ ግን አልታዘዘኝም። ያን ቀን መንገድ ላይ አፌን የያዘው ፍርሃት ነው አሁንም እግሬን የያዘው። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ከነገረችኝ በኋላ ደግሞ ለካህኑ የምሰጠው መልስ ሌላ ይሆናል።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ካህኑ እንደ ወትሮው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ወትሮው «ለሕያው» አልሁ፤ ግን ድምፄ አልወጣ ብሎ ደግመው ጠየቁኝ።