ከቡሌ ለፓስታ አልፎርኖ

ባለቤቴን መጀመሪያ ምሳ የጋበዝኳት ዲላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በነበረ ምግብ ቤት ነው። ያኔ እኔ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ያለችው ቡሌ የተመደበች አዲስ አስተማሪ ነበረች። ዝውውር ጠይቃ ለዚሁ ጉዳይ ትመላለሳለች። አንድ ቀን የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባ ገባና «ከሰዓት ተመለሺ» ተባለች። የት ሄዳ እንደምትቆይ ግራ ገብቷት በረንዳው ላይ ቆማ ሳያት፣ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ምሳ ሰዓት ነው፣ ለምን አብረን አንበላም?» አልኳት።

ምግብ ቤቱ የታወቀው ከላይ አይብ ተደርጎበት ፎርኖ ውስጥ በሚጋገረው ፓስታ አልፎርኖ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ልጅነታቸውን አዲስ አበባ፣ የጣሊያን ወጥ ቤት ውስጥ እንዳሳለፉ ይወራል። ግቢው ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ከሥሩ ይደረደራሉ። እኔ ደመወዝ ስቀበል ብቻ የምገባበት ቤት ነበር።

በዚያን ጊዜ አንዲት ልጅ ወንድ ሲጋብዛት ጥቂት ቀማምሳ «በቃኝ» ማለት ነበረባት። እሷ ግን ሹካዋን አንስታ ሳህኑን ጨረሰችው። ጥግ ላይ የቀረውን አይብና መረቅ በዳቦ ጠርጋ በላች። ከዚያ ቀና ብላ «በጣም ይጣፍጣል» አለችኝ። እሷን ሳይ የእኔ ምግብ ቀዘቀዘ። ይቺ ልጅ ማስመሰል አታውቅም ብዬ አሰብኩ፤ ልቤም እዚያው ቀረ።

ዝውውሩ አልተፈቀደላትም። ስንጋባ ተዛውሬ ቡሌ የወጣሁት እኔ ሆንኩ።

ከዚያ ልጆች መጡ፣ ሥራ በዛ፣ ወደ ዲላ ስንወርድም ለሕክምና ወይም ለገበያ ስለሆነ በሩጫ ተመልሰን እንወጣለን። ያቺን ምሳ ግን ሳወራት ኖሬያለሁ። ልጆቼ አልፎርኖን ሳይቀምሱ ጣዕሙን በቃላቸው ያውቁታል። ስለዚህ የተጋባንበት ሃያኛ ዓመት ሲደርስ ትልቋ ልጃችን፣ «ለምን እዚያው ሄዳችሁ አትበሉም? ቤቱን እኛ እንጠብቃለን» አለችን።

ለቡሌ ብርድ የለበስኩትን ኮት ሳላወልቅ ዲላ ወረድኩ፤ ላቤ በጀርባዬ ይፈሳል። ባለቤቴ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ ለብሳለች። ደርሰን ሳይ አቮካዶው ተቆርጧል። ግቢው ሲሚንቶ ሆኗል፣ ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ኳስ ጨዋታ ያስጮሃል። ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ልንይዝ ስንል አንድ ወጣት አስተናጋጅ፣ «ፋዘር፣ እሱ ተይዟል» ብሎ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አስቀመጠን። ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠውታል።

ልትታዘዘን የመጣችውን ልጅ አልፎርኖ እንዳለ ጠየቅኳት። «አለ» ብላ ሄደች። ብዙ ቆይታ ተመለሰችና፣ «ጋሼ፣ ፎርኖው ተበላሽቷል። ፓስታ በሥጋ ላምጣ?» አለችኝ።

«ከቡሌ የመጣነው ለእሱ ነው እኮ» አልኳት።

«እስቲ ልጠይቅ» ብላ ገባች። ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጣው ምግብ ከላይ አርሮ መሃሉ ቀዝቃዛ ነበር። አንዴ ጎርሼ ሹካዬን አስቀመጥኩ። አፈርኩ፣ ተናደድኩም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያወራሁት ይህን ነው? የምግብ ቤቱን ኃላፊ ልጠራ ስነሳ ባለቤቴ እጅጌዬን ያዘች።

«ተቀመጥ። አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝም?»

«ምን?»

«ያን ቀን ከቡሌ በእግሬ ነበር የመጣሁት። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት መኪና አልነበረም። በጨለማ ተነስቼ፣ አንተ እስክትጋብዘኝ ድረስ እህል በአፌ አልዞረም።»

«አልነገርሽኝማ።»

«ምን ብዬ? ርቦኛል ብዬ? ያን ቀን ቆሎ ብትሰጠኝም በጣም ይጣፍጣል እል ነበር። ስመለስ እንዴት ሰው ፊት እንደዚያ በላሁ ብዬ አፈርኩ። ሁለተኛ ዓይኔን አያይም ብዬ ነበር።»

«ያገባሁሽ እኮ ለዚያ ነው።»

«አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ ስታወራ ዝም የምለውም ለዚያ ነው» አለችና መሳቅ ጀመረች። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ሳቃችን አላቆም ሲል ኳስ የሚያዩት ሰዎች ዞረው አዩን።

ልጅቷ ሳህን ልታነሳ መጥታ የእኔ እንዳልተነካ ስታይ ፊቷ ጠቆረ። «አልተስማማዎትም አይደል፣ ጋሼ? ከቡሌ ድረስ መጡ ብዬ ስነግራት ወጥ ሠሪዋ በድስት ልሞክረው ብላ ነው። ክዳኑ ላይ ከሰል ጭና ነው ያበሰለችው።»

እኔ ኃላፊውን ጠርቼ ልጮህበት ነበር። ለካ ሰው ለማያውቃቸው ሰዎች ብሎ ከሰል ሲያቀጣጥል ነበር። ባለቤቴ ተነስታ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ወጥ ሠሪዋ ጎልማሳ ሴት ናት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ዛሬ ከተጋባን ሃያ ዓመታችን ነው፤ ደክመሽልናል» አለቻት ባለቤቴ።

«ውይ፣ ምነው ቀድማችሁ በነገራችሁኝ» አለች ሴትዮዋ። «አሮብኝ እኮ። ሌላ ቀን ኑ፣ ፎርኖው ይሠራል።» ተቃቅፈው ተሳሳሙ።

ከሰዓቱ መገባደጃ ላይ ሚኒባስ አግኝተን ወደ ቡሌ መውጣት ጀመርን። ኮቱ አሁን ጠቀመኝ። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጉድጓዱ ያነጥራል፣ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ስንት ጊዜ የተመላለስኩበትን ዳገት እንደ አዲስ አየሁት። ይህን ሁሉ በጨለማ ተነስታ፣ በጭቃ፣ ብቻዋን ወርዳዋለች፤ እኔ ከመዝገብ ቤት ወጥቼ ምሳ ጋበዝኳት ብዬ ስኮራ ኖርኩ። እሷን ያመጣልኝን መንገድ አንድም ቀን አመስግኜው አላውቅም። ፈጣሪን በልቤ አመሰገንኩ።

ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አንቀላፍታለች። ቡሌ ልንደርስ ስንል ቀስ ብዬ፣ «ያን ቀን የት ላይ ነጋብሽ?» አልኳት።

ዓይኗን ገለጥ አደረገችና በመስኮቱ ወደ አንድ መታጠፊያ ጠቆመችኝ። «እዚያ ጋ» አለችና መልሳ ተኛች። መኪናው እስኪያልፈው ድረስ አንገቴን አዙሬ አየሁት።